ለራሱ የማይቆርጥ አዳኝ

ለእናቴ ለኢላይሳፒ፣ በስሜ ደግሞ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽ ይህን ለማንበብ ይታዘዝልሻል ወይስ ያቺ ማጉያ መነጽር ዛሬም ጠፍታለች? እንቅልፍ ይወስድሻል? የዶሮ ሾርባውን ለመድሽው ወይስ አሁንም ከአፍሽ እየመለስሽ ነው? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። ብርዱ ገብቷል፤ ባሕሩም ከዳር ከዳር መርጋት ጀምሯል። ባልሽ፣ ያ የልያ ልጅ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀው በድዱ ይስቃል። እኅቴ ልያ የአባታችንን ስም ብታወጣለት ድዱንም ጨምሮ ወረሰው እያለች ትቀልድ ነበር።

ስልክ ላይ አልሰማም እያልሽ ስለምትቆጪ ነው መጻፌ። እዚያ ደቡብ፣ በአረጋውያኑ ቤት የምትንከባከብሽ ሚያሊ ግን ሁሉንም ነግራኛለች። የግዛታችን አለቃ ሆኜ መመረጤን በቴሌቪዥን አይተሽ፣ አባቴ አለቃ ሆኗል፣ እንግዲህ አገሬ ልገባ ነው ብለሽ ለቤቱ ሁሉ አውጀሻል አሉ። ሻንጣሽንም አዘጋጅተሽ ከአልጋሽ ሥር አኑረሻል አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሻንጣሽ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

በእኛ ዘንድ ስም የወረሰ ሰውየውንም ዝምድናውንም ይወርሳልና፣ የአባትሽን ስም ይዤ ከተወለድኩ ጀምሮ አባቴ ስትዪኝ ኖረሻል፤ እኔም ያንን ስም አላሳፍር ብዬ ነው የኖርኩት። ነገር ግን እናቴ፣ አለቃስ ሆኛለሁ፣ አንቺ እንደምታስቢው ዓይነት አለቃ አይደለሁም። በእኛ አገር ፓርቲ የለ፣ የእኔ ወገን የምለው የለ። በምስጢር ድምፅ የመረጡኝ የምክር ቤት አባላት ነገ ከከፋቸው በዚያው እጃቸው ያወርዱኛል። ሚኒስትሮቹንም የመረጡት እነሱ ናቸው፤ የእኔ ሥራ ማን ምን ይያዝ የሚለውን ማደላደል ብቻ ነው። ምን ይቅደም የሚለው ደግሞ ሁላችን ክብ ሠርተን ተቀምጠን፣ እምቢ የሚል ሰው እስኪጠፋ ድረስ የምንጨርሰው ነገር ነው። የእኔ ወንበርም ከሌላው ከፍ አይልም።

ያ ስብሰባ ባለፈው ሳምንት ተደረገ። አንዲት አሮጊት የባሕር አቆስጣ ስብ የሚነድበትን መብራት ለኩሰው ባረኩልን፤ ከዚያ ሁሉም የመንደሩን ቁስል ያወጣ ጀመር። አንዱ ጋ ውኃው ይሸታል። ሌላው ጋ ሰው በዝቶ ቤተሰቡ በየተራ ይተኛል። አንዷ አስተማሪዎቹ ገና በረዶውን ሳያዩ ጥለዋቸው ይሄዳሉ አለች። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ይቅደም ቢባል ደግሞ የሚቀድም አይኖርም። ስንጥል ስናነሳ ዋልን፤ በመጨረሻ ውኃው፣ ቤቱ፣ ትምህርቱና የአውሮፕላን ማረፊያው ቀሩ።

አሮጊቶቻችንን ከደቡብ የሚመልሰውን የአረጋውያን ቤት ግን ማንም አላነሳውም። አንድ ሰው እንኳ!

እኔ ለምን እንዳላነሳሁት ታውቂያለሽ። ከባሕሩ በረዶ ላይ አቆስጣ የገደለ አዳኝ ለራሱ አይቆርጥም፤ ሌላው ቆርጦ ይሰጠዋል። ልጅ ሳለሁ ጉበቱን ቀድሜ ብነካ በቢላዋሽ እጀታ እጄን ያልሽኝ አሁንም ያመኛል። አዲስ የተሾመች ሴት ገና ወንበሩ ሳይሞቃት እናቴን አምጡልኝ ብትል፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ይተረትባታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ያንሳው ብዬ ፊት ፊታቸውን አይ ነበር። እነሱ ደግሞ ወለል ወለሉን ያያሉ። ኋላ ሲነግሩኝ፣ ከመካከላቸው እናቱን ወይም አያቱን ወደ ደቡብ ያልሸኘ የለም፤ ግን ቀድመው ቢያነሱት አለቃዋን የሚሸነግሉ መስሎ እንዳይታይባቸው ፈርተው ነው። በይሉኝታ ስንተሳሰር አሮጊቶቻችንን እዚያው ልናስቀራቸው ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ የጃይፒቲ ዝምታ ነው። ሽማግሌው ጃይፒቲ የኢማሊክ መንደር ተወካይ ናቸው፤ ለዚህ ወንበር ተወዳድረው የተሸነፉትም በእኔ ነው። ስብሰባው ከተጀመረ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለዕረፍት ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግተን ጥሬ ዓሣ ስንቆርጥ እንኳ ፊታቸውን አዙረው በሉ። አንዱ አባል ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት ነው ሲለኝ ሳቅሁበት። የእኛ ሽማግሌ ዝም ሲል እሺ ማለቱ እንዳልሆነ የሚረሳው ከተማ የከረመ ሰው ብቻ ነው። ቂም ይዘውብኛል፣ ሊያፈርሱብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጃይፒቲ ቀና አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወይዘሮ ሰብሳቢ ነበር የሚሉኝ።

«አጎቴ» አሉኝ፤ «ምን ሆነህ ነው የምትደበቀን? ከኢማሊክ ስትወጣ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ልጅህን በአጋዘን ቁርበት ጠቅልለህ በውሾች አስጎትተህ ሄድክ። እንመለሳለን ብለኸን ነበር። ይኸው ስምህ ተመልሶ ፊቴ ተቀምጧል፤ ልጅህ ግን በሰው አገር ግድግዳ ታያለች። አንተ ስለ አውሮፕላን ማረፊያ ታወራለህ?»

አባትሽ የእናታቸው ወንድም እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ግን እሳቸው በዚያ ዝምድና ሲጠሩኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እሳቸውም ቀጠሉ። የአረጋውያን ቤት ይቅደም፤ ማረፊያው ይቆይ። ቤቱ ግን የሚቆመው በኢማሊክ ነው፤ የእነሱ መሬት ጠጠር ለብሶ ተደልድሎ ይጠብቃል፣ የእኛ መንደር የኑቫሉክ ግን ገና ቋጥኝ ነው አሉ። ይህን ካልተቀበላችሁ እኔ የለሁበትም ብለው መብራቱን ማየት ጀመሩ።

ሁሉም እኔን አየ። የኑቫሉክ ሰው የላከኝ ቤቱን ደጃፉ ላይ እንዳሠራለት ነው። እሺ ካልኩ መንደሬን ሸጥኩ፤ እምቢ ካልኩ ነገሩ እዚያው ክቡ መካከል ይሞታል። አንቺንም አሰብኩሽ። እናትሽ በረሃቡ ክረምት ሞታ በቁርበት ተጠቅልላ ከድንጋይ ሥር የቀረችው ኢማሊክ ነው። ስሙን አታንሱብኝ እያልሽ ነው ያሳደግሽን። አፌ እሺ ማለት ቢያቅተው ቅንድቤን ከፍ አደረግሁ። በእኛ ዘንድ ያ ይበቃል። ዙሪያውን አንድ በአንድ ቅንድብ ተነሣ፤ እምቢ ያለ አልተገኘም።

በማግሥቱ ልያ ደውላ እናታችንን ለባዕድ መንደር ሸጥሻት፣ እሷን ለማየት አውሮፕላን ልሳፈር ነው ወይ አለችኝና ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። የመንደሩ ሰውም ያኮረፈ ይመስለኛል፤ መጥተው ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። እውነት እላለሁ እናቴ፣ የሁሉንም ቁጣ እችለዋለሁ። የአንቺን ግን አልችልም። ሳልጠይቅሽ እሺ ማለቴን ስታነቢ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ይህን ወረቀት ስንቴ እንደቀደድኩት።

ሚያሊን ሳሚልኝ፤ እጇ ይባረክ። ከጎንሽ ክፍል ላሉት ለሽማግሌው ለኖህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እሳቸውም ሻንጣ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ልያ ብትቆጣም የአቆስጣ ቁርበት ጫማ ሰፍታልሻለች፤ ከጠበበሽ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ እንድትነግሪያት በልጇ በኩል አስነግራኛለች። ባልሽ የወለቁ ጥርሶቹን በክብሪት ቀፎ አኑሮልሻል፤ ሚስቴ ሳታያቸው አይጣሉም ብሏል። የእኔ ልጆችም እጅ ይነሡሻል።

ሻንጣሽን አትፍቺው። በረዶው ቀልጦ መርከብ ዕቃውን እስኪያመጣ፣ ቤቱም እስኪቆም ገና ብዙ ይቀራል። እስከዚያ ብይ፤ ያንን ሾርባም ቢሆን ጠጪ። ስትመጪ መጀመሪያ እናትሽ ያለችበት ድንጋይ ጋ አብረን እንሄዳለን፤ ብቻሽን አላስኬድሽም። ልጄ፣ ከዚያ ክረምት አቅፌ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፤ አቅፌ የማስገባሽም እኔው ነኝ።

አባትሽም ልጅሽም፣
ኡያራክ

ኢቃሉዊት፤ በኅዳር፣ ባሕሩ መርጋት በጀመረበት ሳምንት