እንግዴ ልጁ እስኪወጣ

ውድ አክስቴ ዝሆር፣

በስልክ ብነግርሽ ግማሹን አትሰሚውም፤ ግማሹን ደግሞ «ምን አልሽ?» እያልሽ ስታስጮሂኝ ትውያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ሰፊያ ታነብልሻለች። ሰፊያ፣ ጎረቤታችን፣ በናትሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ መድኃኒት ቤትሽ ለሚመጣው ሰው ሁሉ የምታወሪውም እሷ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ይሁን።

እኔ ደህና ነኝ፤ ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ደግሞ በጣም ደህና ነኝ። ምክንያቱን ለመናገር ግን ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ቴትዋን ከተማ ውስጥ አዋልጅልን ተብለሽ በተጠራሽበት ቤት ሁሉ እከተልሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሕፃኑ ወጥቶ ሲያለቅስ ሴቶቹ እልል ሊሉ ይነሳሉ። አንቺ ፊትሽን ሳታዞሪ፣ «ዝም በሉ፣ እንግዴ ልጁ ገና ነው» ትያቸዋለሽ። አማቶቹ «ይቺ ሴት ደስታ አታውቅም» እያሉ ያጉረመርሙብሽ ነበር። አንቺ ግን እንግዴ ልጁ ቀርቶባት ደም የፈሰሳት እናት አይተሻልና አልሰማሻቸውም።

አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሕፃን ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ በእጅሽ ላይ አረፈ። ገና በሕይወት እያለ ስም ስታወጪለት አያቱ፣ «ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ ስም ይወጣል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። «የሱ ሰባት ቀን ይቺው ናት» አልሻት። እኔም ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እጅሽን አልለቀቅኩም።

ፊዚክስ ተምሬ የምሠራውን ስነግራችሁ የሰፈሩ ሰው መሳቂያ አደረገኝ። ቅንጣቶች በታላቅ ፍጥነት ይጋጫሉ፤ ከግጭቱ አንዲት አዲስ ቅንጣት ትወለዳለች፤ ዓይን ሳይርገበገብ ትሞታለች፤ የኔ ሥራ የሷን ዕድሜ መለካት ነው። «ግዝላን የማይታይ ነገር ለቅሶ ትቀመጣለች» አሉ። አንቺ ብቻ፣ «ስም አላት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አላት አልኩሽ። «እንግዲያ ለኪያት» አልሽ።

ለካኋት። በሰው አገር ብርድ እየተቀጠቀጥኩ ለካኋት፤ ቁጥሬም መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ዶክተር ተብዬ ስመለስ መንገዱ ሙሉ በእልልታ ሲቀልጥ አንቺ አፍሽን በእጅሽ ሸፍነሽ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ነበር። «ምነው አክስቴ?» ስልሽ «ገና ነው» አልሽኝ። ተቀየምኩሽ። የዚያን ዓርብ የሠራሽልኝን ኩስኩስ ሳልነካው እንደተነሳሁም አትረሺውም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ አገር ያለ ትልቅ ቡድን ያቺኑ ቅንጣት ለክቶ፣ ዕድሜዋ እኔ ካልኩት ያጥራል ብሎ አሳወቀ። እነሱ ልክ ከሆኑ እኔ ተሳስቻለሁ። ጉዳቱ የኔ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ሥራቸውን የገነቡት በዚያ ቁጥር ላይ ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ ድሮ ሲያሞግሱኝ የነበሩ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ያኔ እኮ መሣሪያውም ደካማ ነበር፤ አይዞሽ» አሉኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያ «አይዞሽ» እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ራባት፣ ከተማሪዎቼ ጋር፣ በአዲስ መረጃ እንደገና ስንለካ ነበር። እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። ኮምፒውተሩ ውጤቱ ላይ ማንም የማያውቀው ቁጥር ይጨምርበታል። የምናርመውም የምንጣላውም በውሸቱ ቁጥር ላይ ነው። ሁሉም «የምለውጠው የለኝም» ሲል ብቻ የተጨመረው ይነሳል። ሰው የሚወደውን መልስ ካየ ስህተት መፈለጉን ስለሚተው ነው። ስለዚህ ይኸው ስንት ጊዜ፣ ስክሪኑ ላይ ባለው ቁጥር ደስ ይበለኝ ወይ ልዘን ሳላውቅ ከረምኩ። ታውፊቅ፣ ድሮ ተማሪዬ ዛሬ ባልደረባዬ የሆነው፣ እንደ ትልቅ እመቤት «ላላ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

«ላላ ግዝላን፣ ማሽኑን በሻይ ልደልልልዎት?»

«ከደለልከው ሁለታችሁንም አባርራችኋለሁ።»

ትናንት ምሳ በልተን ተሰበሰብን። አንዷ ተማሪ የጋገረችውን የግሪባ ብስኩት በጨርቅ ሸፍና አመጣች። ታውፊቅ እጁን ሲሰድ «ገና ነው!» አልኩት፤ ከአፌ የወጣው ያንቺ ድምፅ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ማንም የሚለውጠው የለውም።

«እርስዎስ?» አለኝ ታውፊቅ።

«የለኝም።»

«ምንም ቢወጣ ይታተማል?»

«ምንም ቢወጣ።»

ከልቤ ነው ያልኩት። የተጨመረውን ቁጥር የሚያነሳውን ቁልፍ ተጫነ። እኔ ማየት አቃተኝና ጨርቁን፣ ያንን የግሪባውን ጨርቅ፣ እያየሁ ቆየሁ። ዓይኔን ሳላነሳ፣ «ዕድሜዋ አጠረ?» አልኩት።

«ላላ... ያው ነው። ያው የርስዎ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመ ሰው ብድግ ብሎ የሄደ ነው የመሰለኝ። የዚያኛው ቡድን ልዩነት ከምን እንደመጣ ራሳቸው ይፈልጉት፤ ኃላፊያቸው በጨዋ ቃል ጽፎልኛል፣ ቂም የለኝም።

ሴቶቹ ልጆች እልል ሊሉ ሲነሱ እጄን አንስቼ አስቆምኳቸው። የተበላሸ ነገር ያለ መስሏቸው ደነገጡ። «ምንም የለም፤ የመጀመሪያው እልልታ የሌላ ሰው ነው፣ ግሪባውን ብሉ» አልኳቸው። ታውፊቅ እስካሁን አልገባውም።

አክስቴ፣ አሁን እንግዴ ልጁ ወጥቷል። ምንም የቀረ የለም፤ አገላብጬ አይቻለሁ፤ እናትየውም ደህና ናት። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። እስከዚያ እጅሽን ከአፍሽ እንዳታነሺ፤ ሰፊያንም አደራ፣ ቀድማሽ እልል እንዳትል ያዢልኝ። በሩን ራስሽ ክፈቺልኝ። እኔ ደጃፉ ላይ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ አንቺ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ።

ያሳደግሻት፣
ግዝላን