የዳክዬዋ ሰባት ሪቬቶች

ሰኞ፣ ግንቦት 4፤ ከሥራ መልስ

ዛሬም ጀርባዬን ይዤ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ከዳክዬዋ ሆድ ሥር ተንጋልዬ፣ ባትሪና መስታወት ይዤ፣ ሪቬት በሪቬት ሳይ ዋልኩ። ዳክዬ የምንላት አውሮፕላኗን ነው፣ ደብተሬ። ወታደርና መኪና ጭና ከመሬትም ከውኃም የምትነሳ ግዙፍ። ገና በሙከራ ላይ ናት። ወረቀት ላይ ያለው ስሟ ፊደልና ቁጥር ብቻ፤ ማን ያስታውሰዋል።

የኔ ሥራ፦ ቆርቆሮውን እንደ ምስማር የሚያያይዙት ሪቬቶች ደህና ከሆኑ ማህተም መምታት፤ ካልሆኑ በቀይ እርሳስ መክበብ። የተከበበው በድሪል ተበስቶ ይወጣል፣ በአዲስ ይተካል። ዓርብ ሆዷን ውኃ ይሞሉና ከውጭ ጠብታ እንጠብቃለን። አንዲት ጠብታ ከታየች፣ ሐይቅ መግባት የለም። የሱፐርቫይዘሯ የሊንዳ መጥሪያ ፔጀር ሲጮህ ነው የሚውለው። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። በዲቪ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ የወደድኩት ሥራ የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

አይ እኔ! አበላሸሁ።

ከኋለኛው ክፍል፣ ሰባት ሪቬቶች። ጭንቅላታቸው ጠማማ፤ የአንዱማ ጠርዙ ተነስቷል። እርሳሴን አነሳሁ። ቀና ስል የመቷቸው ሰው ራሳቸው ቆመዋል፦ ጋሽ ታደሰ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ዘይት የጭነት አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። እዚህ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው። በየማለዳው ከሰፈራችን ከስካይዌይ በመኪናቸው የሚያመጡኝ እሳቸው። ችግር አለ ወይ ልጄ፣ አሉኝ። ሁለት ፈረንጆች አጠገባችን ቆመው ያያሉ። የአባቴን እኩያ በሰው ፊት በቀይ ልክበብ? ይሉኝታ ያዘኝ። ኧረ ምንም የለም ጋሼ፣ አልኩ። ማህተሜን ጧ!

ሰባት ብቻ ናቸው እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ከስንት ሺህ ውስጥ ሰባት። ደግሞ ውኃ የማያስገባ ማሸጊያ ይቀባባቸዋል። አንተስ ደብተሬ፣ ምን ትላለህ? ዝም። ብልህ ነህ።

ኀሙስ፣ ግንቦት 7

ምሳ አልበላሁም። ከዛሬ ጀምሮ ጋ/ታ ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ ስማቸውን ሙሉውን ስጽፍ አፍራለሁ።

ጋ/ታ ስንመለስ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው አሉ፦ ዳክዬዋ ሐይቅ ስትገባ ትጮኻለች ወይ? ሲስቁ መታጠፊያችንን አልፈን ሬኒየር ቢች ሰፈር ደረስን። እኔም ሳቅኩ። የውሸት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፤ ከምሳ በኋላ

ውኃው ሞላ። ከጠዋት ጀምሮ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ላይ። እኔ ሰባቱን ብቻ አያለሁ። ጠብታ የለም! ጭብጨባ። ሊንዳ አቀፈችኝ። ሰባቱም ችለዋል። ተመስገን! ማንም አያውቅም። ማንም።

ዓርብ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል

ማንም አያውቅም ብዬ ልተኛ ነበር? የኔ ነገር እያወቁ አለቁ ነው። የቆመ ውኃ መቼ አስፈራ። ሐይቁ ላይ ስትሮጥ ውኃው እንደ መዶሻ ነው የሚመታት፤ ይህን ያስተማሩኝ ጋ/ታ ራሳቸው ናቸው። ያን ቀን ደግሞ ውስጧ ሰው አለ።

በቃ፣ ስንመለስ መኪና ውስጥ አፈረጥኩት። ሰባቱንም ነገርኳቸው። ጥግ ይዘው ፓርክ አደረጉ። ሞተሩን አጠፉ። ዝናብ ብቻ። ይቆጡኛል ስል መነጽራቸውን አወለቁ። «ዓይኔ መድከሙን እኔ አጣሁት? አንቺን ያስገባሁሽ ዓይን እንድትሆኚኝ ነበር። ያከበርሽኝ መስሎሽ ብቻዬን ተውሽኝ።»

አለቀስኩ። እሳቸው መኪናውን አዞሩ፣ ወደ ሥራ ቦታ። ሊንዳ ገና አልወጣችም ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ማህተሜን ተቀማሁ። ለአንድ ሳምንት። ማስጠንቀቂያም ተጽፎብኛል። ዓርብ ዕለት እኔ ጥፋቱ የኔ ነው ስል፣ ጋ/ታ የለም የኔ ነው ሲሉ፣ ሊንዳ ሁለታችሁም ዝም በሉ አለች። ቆይታ ግን፣ ከሐይቁ በፊት መምጣታችሁ ደግ ነው አለች።

ሰባቱ ዛሬ ወጡ። ሁለቱ ከሥር ተሰንጥቀዋል። አየኋቸው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ማህተሜ ተመለሰልኝ! ጋሽ ታደሰ (አየህ፣ ሙሉ ስማቸውን ጻፍኩ) አዲስ መነጽር አድርገው ሰባቱን እንደገና መቱ። እነዚያ ሁለት ፈረንጆች ዛሬም ቆመዋል። ስድስቱ ሸጋ። አንዷን በቀይ ከበብኳት። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ እሰይ የኔ ልጅ፣ አሉና ድሪላቸውን አነሱ። በአዲሷ ላይ ማህተሜን መታሁ። ውኃው ተሞላ፤ ጠብ የሚል የለም።

ኀሙስ፣ ግንቦት 21፤ ማለዳ

ዛሬ ሐይቅ ነው። ሰማዩ እንኳ ጠርቷል።

ትናንት ሊንዳ ጠየቀች፦ ዳክዬዋ ውኃው ላይ ስትሮጥ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ፣ ውኃ ገባ አልገባ የሚያይ አንድ ሰው ከእናንተ ማን ይሁን? እጄን አወጣሁ። ዋና እንኳ አልችልም። ቦታውንም ራሴ መረጥኩ፦ ከኋለኛው ክፍል፣ ልክ ከሰባቱ በላይ። ጋሼ እብድ ነሽ ብለው ተቆጡ። እንግዲያው የኔን ባትሪ ያዢ፣ ያንቺ ደካማ ነው፣ አሉ ኋላ።

ፈርቻለሁ። ግን የመታሁትን ማህተም እኔ ካላመንኩት ማን ሊያምነው ነው? ክላክሳቸው ጮኸ። መጣሁ ጋሼ! ባትሪያቸውን የት አስቀመጥኩት?