ከሁሉ በታች የተጻፈ እሺታ

ኅዳር 4

ብርድ። ኮፒ ቤቱን እኔ ከፈትኩ፣ ያስሚን አርፍዳ መጣች። የገዛ ሱቋ ነው፣ ምን ይደረጋል። ከዝቋላ የመጡ ሰዎች ማመልከቻ አስጻፉኝ፣ የፍየል ጉዳይ። መብራት ሄዶ መጣ። ሌላ ምንም።

አዎ… አንድ ነገር አለ። ይስማው ደወለ። "ሽማግሌ ልልክ ነው" አለኝ። ዓመት ሙሉ "በቅርቡ፣ በቅርቡ" ሲለኝ ኖሮ! ለመንገድ ቅየሳ ሰቆጣ መጥቶ ነው የተዋወቅነው፣ አሁን አዲስ አበባ ነው። እቤት ማንም አያውቅም። በደንቡ እኔና እሱ አንተዋወቅም።

ተኚ ጸሐይነሽ።

ኅዳር 9

የይስማው አጎት አቶ ዘመነ ለአባባ ደወሉ። አባቱ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ የደሃና ወረዳ ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ሽማግሌዎቹ ተበታትነዋል፤ አንዱ ወልድያ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ እሳቸው አዲስ አበባ። መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ በስልክ ይሁንልን ብለው ለመኑ።

አባባ፦ "የስልክ ወሬ በነፋስ ይሄዳል። በጽሑፍ ይሁን። በኢሜይል።"

ወይ አባባ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተውም መዝገቡ አልለቀቃቸውም። ኢሜይሉን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። የምጽፍላቸውም እኔው፣ ሱቅ መጥተው፣ ከጎኔ ወንበር ስበው ቃል በቃል እየነገሩኝ።

ማለት… የራሴን ሽምግልና የምጽፈው እኔ ነኝ?

ያስሚን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች።

ኅዳር 12

መጣ! "ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን በታላቅ አክብሮት…" ደጋግሜ አነበብኩት። ከሥሩ ደግሞ "ከስልኬ የተላከ" ይላል።

አባባ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። አንዴም ቀና ብለው አላዩኝም። እኔ ፊቴ እሳት ሆኗል፣ እሳቸው የሚያሳስባቸው ሌላ ነው።

"'ከስልኬ የተላከ' ምን ማለት ነው? ስልክ እንዳላቸው ሊነግሩኝ ነው?"

"ስልኩ ራሱ ነው የሚጽፈው አባባ።"

"ስልኩም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው እንዴ ታዲያ?"

መልስ አስጻፉኝ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ያው እንደ ደንቡ፦ "ከቤተሰብ ጋር እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ።" መልስ የሚለውን ስጫን ጠቋሚው ከላይ ቆመ። ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

"ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እኔ ራሱ ላይ ልውጣ? ከታች! ከቃላቸው በታች ጻፊ።"

ከታች ጻፍኩ። በመጨረሻ ደግሞ "ከሰቆጣ የተላከ" የሚል አስጨመሩኝ። እንዳይበለጡ።

ኅዳር 17

የአቶ ዘመነ መልስ መጣ። እሳቸው ከላይ ጽፈውታል፣ የአባባ ቃል ሥር ገብቷል። በያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ > > > ተደርድሯል።

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "ይሄ ምንድነው? ጦር?"

"የእርስዎ ቃል መሆኑን ለማሳየት ነው። ፕሮግራሙ ነው።"

"የእኔ ቃል ሲሆን ጦር ይተከልበታል?"

ያ አልበቃ ብሎ አቶ ዘመነ "አጠር ያለ መልስ ከላይ ቢጽፉልን፣ የቀደመውንም ቢቆርጡት" ብለዋል። በቃ፣ አለቀ! "ቁረጥ? የሰው ቃል? እኔ ባንተአምላክ ከመዝገብ ላይ አንዲት ፊደል ቆርጬ አላውቅም!" አባባ ሲናደዱ ወደ አገውኛቸው፣ ወደ ኽምጣንጋ ይገባሉ። ገቡ። ያስሚን አንድም ሳይገባት ከወዲያ "አሚን" አለች።

ኅዳር 18

"አዲስ ኢሜይል ብንጀምርስ?" ብዬ ሞከርኩ። "መዝገቡ ይከፈላል" አሉኝ። አንድ ጉዳይ፣ አንድ መዝገብ።

ጉዳዩ እኔ ነኝ እንግዲህ።

ኅዳር 26

ቀይ!

አቶ ዘመነ በአባባ መስመሮች መሃል መሃል እየገቡ በቀይ ጽፈዋል። "ይህ ግልጽ አይደለም።" "ይህ ተደግሟል።" "ቀኑ ይጠቀስ።" የድሮ አስተማሪነታቸው ተነስቶባቸዋል።

"አረመኝ" አሉ አባባ። ድምፃቸው ተቀየረ። "እንደ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ አረመኝ!"

እቤት ስንገባ እናቴ ሰምታ ሰምታ፦ "ቆይ፣ የምትድሩት ልጅቷን ነው ወይስ ኢሜይሉን?" አለች።

ይስማው ደግሞ ደውሎ፣ አቶ ዘመነ "ይህ ሰው ይንቀኛል፣ መልሱን ሁሉ ከእግሬ ሥር ይደብቅብኛል" እያሉ ነው አለኝ።

"ንገራቸዋ! ከአክብሮት ነው በላቸው።"

"ከማን ሰማህ ቢሉኝስ? አንተዋወቅም እኮ።"

እውነቱን ነው። ግን ደሜ ፈላ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ታኅሣሥ 3

የወልድያው ሽማግሌ "ደርሶኛል" ለማለት ሁሉንም እንዳለ መልሰው ለሁሉም ላኩት። የባሕር ዳሩ "እኔም ደርሶኛል"። አቶ ዘመነ "መድረሱን አውቄያለሁ"። ከስልኬ የተላከ፣ ከሰቆጣ የተላከ፣ ከስልኬ የተላከ፣ ከስልኬ የተላከ… ጦሩ ከመብዛቱ የተነሳ ጽሑፉ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ተገፍቶ በመስመር አንድ አንድ ቃል ብቻ ቀርቷል። ቢወርዱት ቢወርዱት መጨረሻ የለውም።

ደስ ያላቸው አባባ ብቻ ናቸው። ከያንዳንዱ መልእክት በላይ "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እገሌ እንዲህ ጻፉ" ስለሚል፣ "ይህን ፕሮግራም የሠራው ሰው መዝገብ ቤት ሠርቷል" ይላሉ።

ይስማው እንዳለው ከሆነ አቶ ዘመነ ምለዋል። ጥር ሳይደገስ ካለፈ ለልጁ ሌላ እንፈልጋለን ብለዋል። ሌላ! እንደ ጫማ ቁጥር።

ታኅሣሥ 8

አባባ ኮታቸውን ለብሰው ሱቅ መጡ። ገባኝ። እጄን ታጠብኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

"ጻፊ። ጥያቄያችሁን መርምረን፣ ዘር ቆጥረን፣ ዝምድና አለመኖሩን አረጋግጠን፣ ልጃችንን ሰጥተናችኋል።"

ጻፍኩ። ፊደሉ በእንባ ደበዘዘብኝ።

"ልጅቱም ተጠይቃ ተስማምታለች።"

እጄ ቆመ። ተጠይቃ? ማን ጠየቀኝ? መቼ?

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ስክሪኑን ነው የሚያዩት። "'ተስማምታለች' ካልሽ በኋላ አራት ነጥብ አድርጊበት" አሉኝ።

አደረግሁበት። ከሁሉ በታች። ላክሁት።

ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ብሎኛልም። እወደዋለሁ እኮ። ታዲያ ያቺ 'ተጠይቃ' የምትለው ቃል ለምን አልለቀቀችኝም?

ታኅሣሥ 15

ምንም መልስ የለም። አባባ "የእነሱ ተራ ነው" ብለው ተቀምጠዋል።

ታኅሣሥ 17

ይስማው ደወለ። ድምፁ የሰው አይመስልም።

"አባትሽ ለምን እምቢ አሉ?"

"እሺ ብለዋል! እኔው በእጄ የጻፍኩትን!"

"አቶ ዘመነ አሳዩኝ እኮ። የእኛኑ ቃል እንዳለ መልሰው ላኩልን። መልስ የሚባል የለበትም።"

ለሽማግሌ የገዛ ቃሉን መልሶ መላክ! እምቢታ ብቻ አይደለም፣ ስድብ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ? ያስሚን "እስቲ ለእኔ ላኪው" አለች። በስልኳ ከፈተችው። ወረደች፣ ወረደች፣ ወረደች… ከዚያ ቆመ። በትንንሽ ፊደል "መልእክቱ ተቆርጧል፣ ሙሉውን ለማየት ይጫኑ" ይላል። ስትጫነው የአባባ እሺታ ብቅ አለ። መልእክቱ ስለረዘመበት ፕሮግራሙ ጭራውን ቆርጦታል፣ እሺታው ደግሞ ጭራው ላይ ነበር።

አንዲት ፊደል ቆርጠው የማያውቁት አባባ!

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ያስሚን የቱ ላይ እንደምታጽናናኝ ግራ ገባት።

ለአባባ "ምናልባት አላዩት ይሆናል፣ ከላይ በአጭሩ ብንደግመውስ?" አልኳቸው። "እኔ ጽፌያለሁ። ላላነበበ ሰው አልደግምም።" ይስማውን "ሂድና የምትጫነዋን አሳያቸው" አልኩት። "እንዴት አወቅህ ቢሉኝስ?" አለኝ ደግሞ። አባባን ጨምሮ አራት ሽማግሌ፣ ሁለት ወጣት፣ ሁሉም እሺ ብሎ… ሠርጉ ሊቀር ነው!

ታኅሣሥ 20

የያስሚን ትዕግሥት አለቀ። የአቶ ዘመነ ቁጥር ከመልእክታቸው ሥር ስላለ እኔን ሳትጠይቅ ደወለች።

"አባቴ፣ ከታች ያለችዋን ትንሽ ጽሑፍ ይጫኗት። መልሱ እዚያ ነው።"

"አንቺ ማነሽ?"

"የኮፒ ቤቱ ነኝ።"

"ኮፒ ቤት? የእኛ ሽምግልና ኮፒ ቤት ነው የሚነበበው?"

ጆሮዋ ላይ ዘጉት። "ወላሂ ጸሐይ፣ ደህና የሠራሁ መስሎኝ ነው!"

ከሰዓት ይስማው ደወለ። አቶ ዘመነ ሌሎቹን ይዘው ሊመጡ ትኬት ቆርጠዋል። ነገሩን ፊት ለፊት ሊጨርሱ። መንገዱስ? መንገዱን ረስተውታል።

ታኅሣሥ 25

ከየት ልጀምር?

ገበያ ቀን ነው፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። ሦስት ሽማግሌዎች አቧራ እንደለበሱ ገቡ። ቤት አልሄዱም፣ ቀጥታ ኮፒ ቤት! አባባን አስጠራናቸው።

"ተቀመጡ" አሉ አባባ።

"መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም" አሉ አቶ ዘመነ።

"መልሱ ተጽፏል።"

"የት?"

"ከታች።"

"ለምን ከታች?"

"ስላከበርኩዎት!"

"የማይታይ አክብሮት ምን ይሠራልኛል? መልስ ከላይ ነው የሚጻፈው!"

"ከላይማ ድፍረት ነው!"

ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁለት ተከፈለ። አንድ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ገበሬ "ከታች ነው እንጂ ምን ነካችሁ" ይላል። የጨው ነጋዴዋ "ኧረ ከላይ! ማን እስከ ታች ይወርዳል?" ትላለች። ኢሜይል ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም።

ያስሚን ስክሪኑን አዞረችላቸውና ያቺን ትንሽ ጽሑፍ ተጫነቻት። አቶ ዘመነ ጎንበስ ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። "…ልጃችንን ሰጥተናችኋል።" ፊታቸው በራ። የጨው ነጋዴዋ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

"'ልጅቱም ተጠይቃ ተስማምታለች።'" ዞር ብለው አዩኝ። "ልጅቱ አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ተጠየቅሽ ልጄ?"

አዎ ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል። ሠርጉ በጥር፣ ሁሉም ነገር ያልቃል። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

"አልተጠየቅሁም።"

አባባ፦ "በእጅሽ ጽፈሽው የለ እንዴ!"

"እርስዎ አሉ፣ እኔ ጻፍኩ።"

አባባ ወንበር ፈለጉ፣ አልተቀመጡም። ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኔ ተቀምጠው፣ አሁን ገና ያዩኝ ይመስል አዩኝ።

"እና… ምን ትያለሽ?" አሉኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ አናግረውኝ አያውቁም።

"ልመካከርበት። ነገ ተመለሱ።"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም! ያስሚን በሳቅ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደፋች። አቶ ዘመነ ጥርሳቸውን ነክሰው፦ "ደንቡ ነው" አሉ።

ታኅሣሥ 26

ከማን ጋር ተመካከርኩ? ከራሴ ጋር። ከዚያ ይስማው ጋ ደወልኩ።

"ስለ እኔ አንዲት ቃል ለምን አልተናገርክም?"

"ፈራሁ" አለ።

"እኔም ፈርቼ ነበር። አሁን ግን አልተቻለኝም። እንደምንተዋወቅ ንገራቸው። ያለዚያ እሺ አልልም።"

እውነቴን ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሽማግሌዎቹ ቤት መጡ። አቶ ዘመነ "ዓመት ሙሉ ትተዋወቁ ኖሯል አሉ" አሉኝ ገና ከበሩ። ደውሎላቸዋል! አባባ ጣሪያውን አዩ። እናቴ ታውቅ ነበር መሰለኝ፣ ምንም አልመሰላትም።

"እሺ" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ያኔ ተቀመጡ።

ጥር 6

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። አባባ ሱቅ መጥተው ቀኑን ለሽማግሌዎቹ አስጻፉኝ። አዲስ ኢሜይል፣ አጭር። ደነገጥኩ።

ላክ የሚለውን ልጫን ስል፦ "ቆይ። አንቺስ? የምትጨምሪው አለሽ?"

"እኔ?"

"የአንቺ ሠርግ አይደል።"

ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። ለስንቱ ሰው ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴ አንድ መስመር ከየት ይጀመራል? አላጣደፉኝም። ወንበራቸውን ራቅ አደረጉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ፣ እንዳያነቡብኝ።