አንተ የቆምክበት ውሃ

አባዬ፣

ትናንት በቶሮንቶ ደሴት ካርታ ላይ፣ በየበጋው ትቆምበት በነበረው ቦታ፣ ቀይ ስፒል ሰካሁ።

ከተለያየን ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው። እማዬ ደህና ናት። አሁንም ክሬሰንት ታውን ያለው አፓርታማችን ውስጥ ነን፤ በረንዳው ላይ ያለው ወንበርህ ላይ ከርግብ በቀር የሚቀመጥ የለም።

አንተ ካለፍክ በኋላ በመጣው ጸደይ ሐይቁ ሞልቶ ደሴቱ ላይ ወጣ። ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው ጀልባ ከነዋሪዎቹ በስተቀር ሰው አልጭን አለ። ለጋዜጣዬ ዘገባ ተፈቅዶልኝ ስሻገር፣ ምሳ እንበላበት የነበረው ሜዳ ላይ ትልልቅ ዓሦች በጠረጴዛዎቹ እግር መካከል ቀስ ብለው ይዋኙ ነበር። ሣሩ ከሥራቸው እንደ ፀጉር ይወዛወዛል። ምንም ድምፅ አልነበረም። ሱሪህን ሰብስበህ ከዓሦቹ መሃል የምትመጣ መሰለኝና ቆሜ ጠበቅሁህ።

ቤተ ክርስቲያናችን በደሴቱ ዳርቻ አዳዲስ አማኞችን ስታጠምቅ፣ ከፓስተሩ በፊት ውሃው ውስጥ የምትገባው አንተ ነበርክ። አሸዋውን በእግርህ እየዳሰስክ ሄደህ፣ ውሃው ድንገት የሚጠልቅበት ጋ ስትደርስ በነጭ ሸሚዝህ ትቆማለህ። ተጠማቂ ሁሉ ከአንተ ወዲህ ነው። ልጆቹ «ከአባባ ወዲያ አገር የለም» እያሉ ይቀልዱብህ ነበር። እኔ የተጠመቅሁ ዕለት ጉም ነበር። ሐይቁም ሰማዩም ጠፍተው የሚታየኝ ሸሚዝህ ብቻ ነበር፤ ወደ እሱ ሄድኩ።

ጎርፉ ሲመለስ ያንን ዳርቻ ይዞት ሄደ። አሁን ከተማው ለሚቀጥለው ጎርፍ እየተዘጋጀ ነው። አንዱ ሐሳብ ዳርቻውን በድንጋይ መገንባት ነው፤ ቤቶቹን ቶሎ ያድናል፣ እኛን ግን ከውሃው ይለየናል። ሌላው አሸዋ ቆልሎ ሣር መትከል ነው፤ መግቢያ ይተውልናል፣ ሣሩ ሥር እስኪይዝ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ቤታቸው ውሃ የገባባቸው ሰዎች ድንጋዩን ቢመርጡ አልፈርድባቸውም።

ትናንት እማዬን ይዤ ከተማው ለዚሁ ጉዳይ ወደጠራው ስብሰባ ሄድኩ። ሁሉም የሚገለገልበትን ቦታ ካርታው ላይ እንዲያመለክት ተጠየቀ። ስፒሌን ስሰካ የከተማው መሐንዲስ በትሕትና ያ ቦታ አሁን ሐይቅ ውስጥ እንደሆነ ነገረችኝ። ለእማዬ ስተረጉምላት ሳቀች። «ድሮስ ሐይቅ ውስጥ አይደል እንዴ የሚቆመው፣ ንገሪያት» አለችኝ። ነገርኳት። መሐንዲሷ ስፒሉን አልነቀለችውም።

ውሃው አሁን የት ጋ እንደሚጠልቅ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። መግቢያው ከተተወልን ከፓስተሩ በፊት እኔ እገባለሁ፤ እንደ አንተ በእግሬ እየዳሰስኩ። እማዬ ሸሚዝህን አጥባ ተኩሳ አስቀምጣዋለች። ድንጋዩ ከተመረጠም በየበጋው እዚያው ላይ ቆሜ ወደ ቦታህ አያለሁ።

የከተማው ምክር ቤት በጁን መጨረሻ ይወስናል።

ልጅህ