ከጠረጴዛ ልብስ እስከ ጋላክሲ፦ የእናታችን የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከባቡር ጥገና ሠራተኛ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው በጥር ወር 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በስድስት ዓመታቸው የቤቱን በር፣ የወንድማቸውን ጫማ፣ የጎረቤትን ድመት ሳይቀር እየለኩ ሰው ሲያስቸግሩ “ሜትር” የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ ስሙም እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖረ።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ፣ ቀጥሎም በሥነ ፈለክ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀዋል። በ1976 ዓ.ም. ልብስ ሰፊውን አባታችንን አገቡ። የተዋወቁት ቀሚስ ሊያሰፉ ሄደው “ልኬቱ በግማሽ ሴንቲሜትር ተሳስቷል” ብለው ሲከራከሩ ነው። ትክክል የነበሩት ግን አባታችን ናቸው። በትዳራቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

እናታችን ለሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት፣ ጽንፈ ዓለሙ ገና ልጅ ሳለ የነበሩ ደብዛዛ ጋላክሲዎችን መጠን መለካት ነበር። እነዚህን እንዲሁ ማየት ይከብዳል፤ ከፊታቸው ያለ ከባድ የጋላክሲዎች ክምችት ግን ብርሃናቸውን በስበቱ አጉብጦ እንደ አጉሊ መነጽር ያሳየናል። የእሳቸው ድርሻ ምስሉ ስንት እጥፍ እንደተለጠጠ አስልቶ እውነተኛውን መጠን ማግኘት ነው።

በ2003 ዓ.ም. “እስካሁን ከታዩት ሁሉ ትንሿ” ያሏትን ጋላክሲ ለክተው አሳተሙ። ሙገሳው ጎረፈ፤ የክፍሉ ኃላፊነትም ሊሰጣቸው ሆነ። በዚያው ሰሞን አባታችን የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ለአዳራሽ የሚሆን የጠረጴዛ ልብስ ዘርግተው፣ “ቁመቱም ወርዱም የዚህ ጠረጴዛ ሦስት ሦስት እጥፍ ከሆነማ ጨርቁ ዘጠኝ እጥፍ ሊፈጅ ነው!” ሲሉ እናታችን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። የጋላክሲዋ ምስል በጠቅላላ ስፋቱ የጎላው ዘጠኝ እጥፍ፣ በወርዱ ግን ሦስት እጥፍ ብቻ ነበር። እሳቸው ወርዷን ለሦስት ማካፈል ሲገባቸው ለዘጠኝ አካፍለው ኖሯል! ጋላክሲዋ ያን ያህል ትንሽ አልነበረችም፤ ያሳነሷት እሳቸው ናቸው።

ባልደረቦቻቸው ሹመቱ እስኪጸድቅ ዝም እንዲሉ መከሯቸው። እሳቸው ግን በማግስቱ ለመጽሔቱ የእርማት ደብዳቤ ጻፉ፤ በምስጋናውም ላይ “ልብስ ሰፊው ባለቤቴ” ብለው አሰፈሩ። ሹመቱ ለሌላ ሰው ሄደ። አባታችን ደብዳቤውን በመስታወት ክፈፍ አስገብተው ከስፌት መኪናቸው በላይ ሰቀሉት፤ ደንበኛ ሁሉ እሱን ሳያነብ ልብሱን አይወስድም ነበር።

ባለፈው ዓመት በእብጠት ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሐኪሙ የእብጠቱን መጠን ሲነግራቸው እንኳ በምን እንደለካው ጠይቀውታል። ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከአባታችን ጋር ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተናል። ናፍቆታቸው ከአሁኑ ከብዶናል።

ይህን ታሪክ እንድጽፍ እኔን ታላቋን ልጃቸውን፣ “ሰው ሞተ ተብሎ አይጋነንም፤ ስሕተቴንም አስገቢ” ብለው አዘውኝ ነበር። እንዳዘዙኝ ጽፌ ለአባታችን ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ “አላጋነንሽም። አሳንሰሻታል እንጂ” አሉኝ።

በልኬት ነገር አባታችንን ተከራክሮ የረታ የለምና፣ ስሕተቱ የእኔ ነው። ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ ልክ በሌለው ምሕረቱ ያሳርፍልን።