አበልጅህ ያመጣት ፒካፕ

ከቤ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። ከሄድክ ዓመት አለፈህ፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ ተናድጄብህ ከረምኩ። ሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት አወጣን። ካህናቱ ደግነትህን ሲያነሱ እኔ በልቤ ግትርነቱንም አንሱለት እል ነበር።

ቤቱ ያው ነው፤ በጓሮ በኩል ጣሪያው ያፈሳል፣ የከተማችን የሚዛን ዝናብ መች ፋታ ይሰጣል። ኮረሪማውን ከገበሬ እየገዛ ቴፒ የሚያደርሰው አሁን ልጃችን ሳሙኤል ነው፣ ያውም በሰው መኪና። መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ሲቆም እጁን ወገቡ ላይ የሚያደርጋት ነገር ቁርጥ ያንተ ናት፤ አንዳንዴ ፊቴን አዙሬ አለቅሳለሁ።

አበልጅህ ቀይዋን ፒካፕ ሊሸጥልህ ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እኔ አካሏ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲዋን ቁጥር ይዤ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ቁጥሩን ስታስገባ ውጭ አገር ለጨረታ የቀረበችበት ገጽ ወጣ፤ ያችው መኪና ግንባሯ ተጨፍልቆ፣ የፊት ጎማዋ ተጣሞ። ፎቶውን በስልኬ ይዤልህ እየሮጥኩ መጣሁ። አንተ ግን ሳታይ ስልኩን በእጅህ ገፋ አደረግኸው።

"አበልጄን በስልክ አልመረምርም" አልከኝ።

ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው እኔን ያታልላል ወይ ብለህም ተቆጣኸኝ። ኮፈኗን እንኳ ሳታስከፍት ተፈራረምክ። ከዚያ የቴፒ ቁልቁለት ላይ መሪው አልታዘዝ አለህ። የመሪው ዘንግ ድሮ ተሰብሮ የተበየደ እንደነበር መካኒኩ የነገረን አንተን ከቀበርን በኋላ ነው። ይሉኝታህ ነው የገደለህ፣ ከቤ! እሱን ማሳፈር ከበደህ፤ እኔን ያለ ባል፣ ልጅህን ያለ አባት ማስቀረትስ?

አበልጅህ ለቅሶህ ላይ ከሁላችንም በላይ ጮኸ። ያውቅ ይሁን አያውቅ ዛሬም አላውቅም።

እሁድ ዕለት ደግሞ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ሌላ ፒካፕ እየነዳ መጣልህ። ለክርስትና ልጄ ነው ያመጣሁት፣ የአባቱን ሥራ ይሥራበት አለ። የሻንሲውን ቁጥር ስጠኝ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ እንደ ሌባ ታየኛለች ብሎ ለሽማግሌዎቹ ከሰሰኝ። እነሱም ነውር ነው፣ አበልጅ እንዲህ አይደረግም አሉኝ። ሳሙኤል አቀርቅሮ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳየው አንተን አየሁ። ይሄንንም ልቀብር ነው አልኩ።

ከዚያ ልጅህ ተነሳ። ወደ መኪናው ሄዶ ኮፈኑን ከፈተና ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። እኔ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ አልንቀሳቀስ አለ። ስንጠብቅ አበልጅህ ገጹ እስኪከፈት እንኳ አልቆየም፤ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ተመለሱ።

አልረሳህም፣ ከቤ። በየዓመቱ አስብሃለሁ፤ ደግነትህን ግን ለካህናቱ ትቼዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ስልኬን የገፋውን እጅህን ነው። እንደተናደድኩበት እሞታለሁ፤ ያው እጅህም ናፍቆኛል።

የሳሙኤል እናት