ወደ ግራ ያዘነበለው ቅጠል

ሰኔ 2

ለማንም ነግሬ የማላውቀው ነገር አለ። ባሌ ዘነበ የቀረጸውን እንጨት ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ጻፍኩት። ቤቱ አልፈረሰም... ታች ጄፒ መንገድ ላይ ታክሲዎቹ እንደ ወትሮው ጡሩምባቸውን ይነፋሉ።

ቀኑም እንደ ሌላው ቀን ነበር። ብርድ። ለመጽሐፍ ቅዱስ ልባስ የሚሆን ቆዳ ቆረጥኩ፣ በስፖንጅ አራስኩት፣ ውሃውን ጠጥቶ መልኩ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ከዚያ ማህተሙን አስቀምጬ በመኪና ክሪክ ጫንኩት። ሳነሣው ቅጠሉ ወጥቷል። ሁሌ እንደሚወጣው፣ ጥርት ያለ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ የእንሰት ቅጠል።

ከሰዓት ጋሽ ምሕረቱ መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ለምሥረታ በዓሉ ምእመኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ልባስ እንዲይዝ ተወስኗል፣ የአንቺ ቅጠል ይሁን ተብሏል አሉኝ። ደስ አለኝ። ቀጥለው፣ ከቅጠሉ በታች «የኤርጎጌ ንድፍ» ተብሎ ይታተምበት፣ ልጆቻችን ይወቁሽ አሉ። ልጄ ፊቤ ከኔ በላይ ፈነደቀች። በቃ እማ፣ ብራንድ ሆነሻል አለች።

ቆዳዬን መቁረጥ ቀጠልኩ። ንድፉ የኔ አይደለም። የባሌ የዘነበ ነው። ሰው ሲያመሰግነኝ ስንት ዘመን ዝም አልኩ?

ሰኔ 4

ስለ ካትሌሆንግ፣ ስንሰደድ መጀመሪያ ስለኖርንበት ሰፈር፣ ሳስብ ዋልኩ።

ያኔ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረችን። ዘነበ በሱቁ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ዳቦና የስልክ ካርድ የሚገዛ ሰው ሲጠፋ እንጨት ይቀርጽ ነበር። ከተሰበረ የዕቃ መደርደሪያ የወሰደው እንጨት፣ በድንጋይ የሳለው አሮጌ ቢላዋ። ማህተም ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። ቆዳው ላይ ሲያርፍ ይቃናል። አሁን አትፍረጂ፣ ከተጫነ በኋላ ነው የሚታየው ይለኝ ነበር።

ቅጠሉን ሊጨርስ ሲል ከግንዱ ሥር አንድ ጠማማ ነገር ቀረጸ። እንግዶች ነበሩ፣ የአገር ልጆች። እንጨቱን ተቀብዬ አየሁና፣

«ይሄን ደግሞ ምስጥ በላው?» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ።

«እጄ ስቶ ነው» አለ።

ሁለት ሦስት ቀበቶ አተመበት። አንዱን ለጎረቤታችን ባል ሰጠ። ጎረቤታችንን ማ ኖምሳ እንላቸዋለን፣ እናት ኖምሳ እንደማለት። ከዚያ እንጨቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ሌላ አልቀረጸም። ለምን ብዬም አልጠየቅኩ።

ሰኔ 5

ፊቤ የስሜን ፊደላት ወፍራም ታድርጋቸው ወይስ ቀጭን፣ ስትጠይቀኝ ዋለች። ራሴን አመመኝ አልኳት።

ሰኔ 9

ዛሬ ሳልቆራርጥ ልጻፈው።

ዘነበ በሳንባ ታሞ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ታወከ፣ የስደተኛ ሱቅ ሁሉ ሲዘረፍ የእኛም ተዘረፈ። እንጨቱ ግን በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ፊቤን ይዤ ጄፒ መጣሁ፣ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ቆዳ መሥራት የጀመርኩት ያኔ ነው፣ እሱ ሲሠራ ያየሁትን እያስታወስኩ። ፊደል የቆጠርኩትም ያኔ ነው። ፊቤ ትምህርት ቤት ስትውል፣ ከሰንበት ትምህርት ያመጣችው የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ነበር... ዘነበ በሕይወት እያለ ላስተምርሽ ሲለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ብዬ እምቢ አልኩት። አሁን መጽሐፍ ከእጄ አይጠፋም። ምን ይጠቅመዋል?

አንድ ልባስ እንኳ ሳላትምበት እንጨቱ መሰንጠቅ ሲጀምር እዚሁ ፎቅ ላይ የሌዘር ማሽን ያለው አዩብ ዘንድ ወሰድኩት። ፎቶ አነሣው፣ በኮምፒውተር አጸዳው፣ አክሪሊክ በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ በሌዘር ቀረጸልኝ። ሌላው ሁሉ ተቃጥሎ ይጎድላል፣ መስመሩ ብቻ ቆሞ ይቀራል። ከሥር ያለችውስ ምንድን ናት ብሎ ጠየቀኝ። እጁ ስቶ ነው፣ አጥፋት አልኩት።

የመጀመሪያውን ልባስ የገዛችኝ ሴት፣ ማን ነደፈው አለች። «እኔ» አልኩ። እንዴት ከአፌ ወጣ? ከዚያ ወዲህ እንጨቱን ባየሁት ቁጥር ፊቴ ይግል ጀመር። ሰው አይቶ ቢጠይቀኝስ? አንድ ብርዳም ቀን ጓሮ ወርጄ፣ ዘበኞቹ የሚሞቁበት በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ደረቅ ነበር። ቶሎ ነደደ።

ፊቤ የአባዬ እንጨት የታለ ስትለኝ ዘራፊዎቹ ወሰዱት አልኳት። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ። አልረሳችም። የምታውቀው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው፣ ምን እንደተቀረጸበት ግን አላየችም። ሱቁ በተዘረፈ ቀን የማ ኖምሳ ልጅ ሲፖ ጥቅል ይዞ ሲወጣ አይታው ነበር። ጥቅሉ ብርድ ልብሳችን ነው። ከዘራፊ አድኖልን በማግስቱ እናቱ አመጡልን። ፊቤ ግን እንጨቱን ያስቀረው እሱ ነው ብላ ያዘች። አይደለም ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያቺ ቃል ደግሞ ሌላ ታስከትልብኛለች... ተውኳት። በዚህ ቂም አደገች።

ሰኔ 13

ማ ኖምሳ መጡ። ከካትሌሆንግ ታክሲ ቀያይረው። አርጅተዋል፣ ሳቃቸው ግን ያው ነው። ሲፖ ሊያገባ ነው። በሟች አባቴ ቀበቶ ካልሆነ አልሞሸርም ብሏል፣ ቀበቶው ደግሞ ዘለበቱ ተነቅሏል። ያ ዘነበ የሠራላቸው ቀበቶ ነው። ከባልሽ ቤት ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ አይገባም ብለው ነው እኔን ፈልገው ያገኙኝ። ሰርጉን ጠሩን፣ ሁለታችንንም።

ፊቤ «ሳውቦና» ብላ በቋንቋቸው ሰላም አለቻቸውና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እስኪወጡ ቀና አላለችም።

«ሌባም በክብር ይሞሸራል ማለት ነው» አለች በኋላ።

«ተይ ፊቤ።»

«ምኑን ልተው? የአባዬ እጅ ያረፈበት አንድ ነገር የለኝም እኮ። አንድ። ሲሪየስሊ እማ፣ አንቺ እንዴት ነው የቻልሽው?»

ቀበቶው ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላችን ነበር።

ሰኔ 14

ቀበቶውን አጸዳሁ፣ ቅባት ቀባሁት። ቅጠሉ ከእድፉ ሥር ብቅ አለ። ወደ ቀኝ ያዘነበለ።

የራሴን ልባስ አምጥቼ ጎኑ አስቀመጥኩ። ወደ ግራ።

ቆይቶ ገባኝ። አዩብ ለማህተም የሚመጣለትን ሥዕል ሁሉ ይገለብጣል፣ ሥራው ነው። የእንጨቱንም ፎቶ ገልብጦታል። እንጨቱ ግን ራሱ ማህተም ነበር፣ ቀድሞውኑ የተገለበጠ። ይህን ሁሉ ዓመት ቅጠሉን በተቃራኒው ሳትም ኖሬያለሁ። እውነት ነዳፊዋ እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር።

ከግንዱ ሥር ያ ምስጥ የበላው ያልኩት ነገር አለ። በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ቆዳው ላይ ጠማማ አይደለም። ተቃንቶ ቆሟል።

«ኤ» ነው። የስሜ መጀመሪያ።

ሰኔ 15

በሰው ፊት ሳቅኩበት፣ እሱም አብሮኝ ሳቀ። ምን እንደሆነ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ማንበብ አለመቻሌ እንግዶቹ ፊት እንዳይወጣ ብሎ ነው እጄ ስቶ ነው ያለው? ሌላ ምክንያት ፈለግኩ። አጣሁ።

ሰኔ 16

ቆዳ አልነካሁም።

ሰኔ 20

ቀበቶውን ይዤ አዩብ ዘንድ ሄድኩ። የቅጠሉን መገልበጥ ነገርኩት። ደነገጠ፣ ከዚያ ቀበቶውን ፎቶ እያነሣ ማላገጥ ጀመረ። እናቴም ቀኝና ግራህን ሳትለይ ልትሞት ነው ትለኝ ነበር አለ።

«እሺ እትዬ ኤርጎጌ፣ ይሄኛውንስ ልገልብጠው?»

«ገልብጠው። ይሄ ከታተመ ቆዳ ላይ የተነሣ ፎቶ ነው፣ ከማህተም አይደለም።»

ፎቶውን አጎላው። ቢላዋው የነካካቸው ቦታዎች ሳይቀሩ ታዩ።

«ከሥር ያለችውስ? እንደ ድሮው ላጥፋት?»

«እንዳትነካት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ማሽኑን አስነሣው። ሌዘሩ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። የሚነደው አክሪሊክ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ሰኔ 23

ጋሽ ምሕረቱን ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው። ንድፉ የዘነበ ነው፣ የሚታተመው የሱ ስም ይሁን አልኩ። ትሕትናሽን እናውቃለን አሉኝ እየሳቁ።

«ትሕትና አይደለም ጋሽ ምሕረቱ። ሰርቄው ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት።

«የአባቱ ስም ማን ነበር?» አሉ። «ሙሉውን እናስገባው።»

ስለ እሳቱ ግን አልነገርኳቸውም። ያ የሳቸው ጉዳይ አይደለም።

ሰኔ 27

ፊቤ የሚታተመው የአባቷ ስም መሆኑን ሰማች። ለመታሰቢያው ያደረግኩ መሰላት። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፣ አንቺን የመሰለ ሰው የለም አለች። አሁን ንገሪያት፣ አሁን... እንባዋን ጠረግኩላት። እንደገና ተመሰገንኩ።

ሐምሌ 2

ልባሶቹ ተሠርተው አልቀዋል። ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ከግንዱ ሥር ፊደሌ አለ፣ እሱ ባቆመበት ቦታ። ከሥሩ የዘነበ ስም ከነአባቱ። አዲሱን ዘለበት ቀበቶው ላይ ሰፋሁ። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ፊቤ እዚያ ሌባ ቤት እግሬን አላስገባም ብላለች።

በአፌ አልቻልኩም። በእጄ ጽፌዋለሁ። ፊቤ እንግሊዝኛውን ትበላዋለች፣ አማርኛ ግን በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው። እኔ በእሷ ገበታ ላይ እንዳነበብኩት። ቀስ ብላ ትደርስበታለች። ልትጠላኝ ትችላለች። መጥላቷ ካልቀረ የሚገባውን ሰው ትጥላ።

እነዚህን ገጾች የምትቀበለው ልጄ ፊቤ ናት። ከቀበቶው ጋር አልጋዋ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። የአባቷ እጅ ያረፈበት ነገር ነውና፣ ለሲፖ የምታደርሰው እሷ ትሁን።